ለአደን ጠመንጃ አዲስ ሰደፍ ማሠራት፦ እንጨቱንና ባለሙያውን እንዴት እንምረጥ

ከአባት የተወረሰ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ብረቱ ደህና ሆኖ ሰደፉ ሲሰነጠቅ፣ በሰሜን ሸዋ ገጠር የተለመደው መፍትሔ ስንጥቁን በእርጥብ ጠፍር ጠምጥሞ ማድረቅ ነው። ጠፍሩ ሲደርቅ ስለሚጠብቅ ለጊዜው ይይዛል፤ ነገር ግን ዝናብ ሲመታው ይላላል፣ ስንጥቁም ከሥር እየገፋ ይሄዳል። የተሰበሩ ሰደፎችን ልብ ብሎ ላየ ሰው ጉዳቱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አንድ ስፍራ ላይ ነው፤ ከምላጩ በስተኋላ፣ እጅ የሚጨብጠው ቀጭኑ የሰደፉ አንገት ላይ። አዲስ ሰደፍ የሚያሠራ ሰው እንጨት ሲገዛም፣ ባለሙያ ሲመርጥም፣ ገንዘብ ሲከፍልም ዓይኑን ከዚህ አንገት ባያነሣ ከብዙ ስሕተት ይድናል።

እኔ ይህን የተማርሁት በኪሳራ ነው። የመጀመሪያውን ሰደፍ ያሠራሁት አልጋና ቁም ሣጥን አሳምሮ በሚሠራ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ነበር። ዋንዛው መልኩ ያማረ፣ ቬርኒሹም እንደ መስተዋት የሚያበራ ነበር። ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ ምንም ያልሆነው እንጨት ሸዋ ሮቢት ወርዶ ሦስት ሳምንት ያህል እንደቆየ ከብረቱ ጋር ከተገናኘበት ተላቆ ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት አወጣ፤ ከጥቂት ተኩስ በኋላም አንገቱ በሰያፍ ተሰነጠቀ። ጥፋቱ የአናጢው ብቻ አልነበረም። እንጨቱ መድረቁን አልጠየቅሁም፣ ጅማቱ ወዴት እንደሚሄድ አላየሁም፣ ሥራውንም እስኪያልቅ ድረስ አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አልተመለከትሁም።

አስቀድሞ ወረቀቱ

እንጨት ከመፈለግ በፊት የመሣሪያው ፈቃድ መስተካከል አለበት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ብቻ የሚቻል አድርጎታል፤ ስለዚህ ፈቃድ የሌለውን ጠመንጃ ይዞ ወደ አናጢ መሄድ ለባለቤቱም ለአናጢውም መዘዝ ነው። መሣሪያው ወይም ከፊሉ ለሥራ ሲባል ከባለቤቱ እጅ የሚወጣ ከሆነ፣ ሥራውን ማን እንዲሠራው እንደሚፈቀድ የወረዳውን ፖሊስ አስቀድሞ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይገባል። ተጣጥፎ የሚከፈት ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ በዚህ ረገድ አንድ መልካም ጠባይ አለው። አፈሙዞቹ ከአካሉ ስለሚነጠሉ እነርሱን ቤት ቆልፎ ማስቀረት ይቻላል፤ አናጢው ሰደፉን ለመግጠም የሚያስፈልገው ምላጩና መቆለፊያው ያሉበት የብረት ሳጥን ነው፤ እርሱም ለብቻው ሊተኩስ አይችልም። ጥይት ደግሞ ለሙከራም ቢሆን ወደ ሥራ ቤቱ ፈጽሞ አይገባም።

ልክ መውሰድ

ልኩን ባለቤቱ ራሱ ቤቱ ሆኖ፣ ከአንድ ረዳት ጋር ሊወስደው ይችላል። ጠመንጃውን ከፍቶ የሁለቱንም አፈሙዞች ባዶነት በዓይን ማረጋገጥ የመጀመሪያው ተግባር ነው፤ ረዳቱም እንዲሁ ራሱ ማየት አለበት።

የመጀመሪያው ልክ ርዝመቱ ነው፤ ከፊተኛው ምላጭ እስከ ሰደፉ መድረሻ (ትከሻ ላይ እስከሚያርፈው ጫፍ) መሐል ያለው ርቀት ማለት ነው። በአውሮፓ ጠመንጃ ሠሪዎች ዘንድ መካከለኛ ቁመት ላለው ወንድ ከ36 እስከ 37 ሳንቲሜትር የሚሆነው እንደ መነሻ ይወሰዳል። በእኛ ዘንድ ሰደፉን ክርን ላይ አሳርፎ ጣት ምላጩ ላይ መድረሱን ማየት የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ይህ የክንድን ርዝመት እንጂ የአንገትን ቁመትና የትከሻን ስፋት አይናገርም። የተሻለው ፈተና ጠመንጃውን ትከሻ ላይ አድርጎ ሲያነጣጥሩ በአውራ ጣት ሥርና በአፍንጫ መካከል ሁለት ጣት ያህል ቦታ መቅረቱን ማየት ነው። ከዚያ ካነሰ ጠመንጃው ሲራገጥ አውራ ጣት አፍንጫን ይመታል።

ልብስን የሚዘነጋ ሰው ብዙ ነው። መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ አካባቢ ማለዳ በካፖርት ላይ ጋቢ ደርቦ የሚወጣ ሰውና ሸዋ ሮቢት በሸሚዝ የሚውል ሰው አንድ ዓይነት ሰደፍ አይስማማቸውም፤ ወፍራም ልብስ ጠመንጃውን ወደ ፊት ስለሚገፋው የደገኛው ሰደፍ እስከ አንድ ሳንቲሜትር ቢያጥር ይሻላል። ልኩ መወሰድ ያለበት ጠመንጃው በሚያዝበት ልብስ ነው። ሁለቱንም አገር ለሚመላለስ ሰው ሰደፉን ለደጋው አሳጥሮ አሠርቶ፣ ቆላ ሲወርድ መድረሻው ላይ የሚገባ የቆዳ ሽፋን መጨመር ይቀላል፤ ያጠረ ይረዝማል፣ የረዘመን ግን በየወቅቱ መቁረጥ አይቻልም።

ሁለተኛው ልክ የዝቅታው ነው። ጠመንጃውን ገልብጠው የአፈሙዞቹን ጀርባ ቀጥ ባለ ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉት፤ የማነጣጠሪያዋ ፍሬ ከጠረጴዛው ጠርዝ ውጪ ትሁን። ከጠረጴዛው እስከ ጉንጭ ማረፊያው መነሻ ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ ወደ 38 ሚሊሜትር፣ እስከ ሰደፉ ተረከዝ፣ ማለትም እስከ መድረሻው የላይኛው ማዕዘን፣ ያለው ደግሞ ወደ 57 ሚሊሜትር ይሆናል። የእርስዎ ልክ ከዚህ ይለያል ወይስ አይለይም የሚለውን ለማወቅ ዓይን ጨፍኖ ጠመንጃውን ትከሻ ላይ ማሳረፍና ዓይንን መግለጥ ነው። ፍሬዋ በአፈሙዞቹ ጀርባ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብላ ከታየች ዝቅታው ልክ ነው፤ ጀርባው እንደ መንገድ ተዘርግቶ ብዙ ከታየ ሰደፉ ከፍ ብሏል፤ ፍሬዋ ጨርሶ ከተሰወረች ዝቅ ብሏል። የለንደን ሠሪዎች ለዚህ ሥራ ብቻ የሚታጠፍና የሚረዝም የመለኪያ ጠመንጃ አላቸው፤ እኛ አሮጌው ሰደፍ ላይ ካርቶን ደራርበን በፕላስተር እያሰርን ተመሳሳዩን ውጤት ማግኘት እንችላለን። በመጨረሻም ሰደፉ በቀኝ ለሚተኩስ ሰው ከመሐል መስመሩ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ቀኝ፣ በግራ ለሚተኩስ ወደ ግራ ማዘንበል አለበት፤ ይህን ያልነገሩት አናጢ ቀጥ አድርጎ ይሠራዋል።

አሮጌው ሰደፍ ቢሰበርም አይጣል፤ ከእርሱ የተሻለ ሞዴል የለም።

እንጨቱ

በዓለም ላይ ለሰደፍ የተመሰገነው እንጨት ዋልነት ነው፤ በተለይ ከቱርክ የሚወጣው ተጠርቦ ለዚሁ ሥራ ይሸጣል። የተወደደበት ምክንያት መልኩ ብቻ አይደለም። አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ ዋልነት 640 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ይህም ግፊትን ለመቻል የሚበቃ ጥንካሬ ሲኖረው ጠመንጃውን ወደ ኋላ የማያጋድል ክብደት ነው። ከደረቀ በኋላም ብዙ አይነቃነቅም፣ በመሮ ሲቆረጥ ጠርዙ አይፈረከስም። ከውጭ ማስመጣት የሚችል ሰው ቢያስመጣ እሰየው፤ የማይችልም ያገሩን እንጨት በእነዚህ ጠባዮች እየመዘነ መምረጥ ይችላል።

ዋንዛ ከሁሉ ይቀናል። በመሮ ይታዘዛል፣ አይጣመምም፣ ቀይ ቡናማ መልኩም ያምራል። ድክመቱ ከዋልነት የቀለለና የለሰለሰ መሆኑ ነው፤ ሲወድቅ ይጎደጉዳል፣ መጨበጫው ላይ የሚቀረጽ ደቃቅ መስቀለኛ ጭረትም አይይዝም። ዋንዛ ከመረጡ አንገቱን ከአሮጌው ሰደፍ በጥቂት ሚሊሜትር ማወፈር ግድ ነው። ወይራ የዚህ ተቃራኒ ነው። እንደ ድንጋይ ጠንካራ፣ ጥቁር ቡናማ ሐረግ ያለው፣ ሲታሽ በራሱ የሚያበራ ውብ እንጨት ነው፤ ነገር ግን በጣም ይከብዳል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቀጥ ያለና ወፍራም ቁራጭ ማግኘትም ብርቅ ነው። ክብደቱ ርግጫውን ያበርደዋል፤ ሚዛኑን ለማስተካከል ግን አናጢው ከመድረሻው በኩል ወደ ውስጥ አንድ ሁለት ቀዳዳ ሰርስሮ ማቅለል ይኖርበታል። ጥቁር እንጨትም ጠንካራና ከባድ ነው፤ ደረቁ ከተገኘ አይናቅም። ጥድና ዝግባ በጅማታቸው በኩል በቀላሉ ስለሚፈለጡ ለሰደፍ አይሆኑም። ባሕር ዛፍ በየሜዳው ስለበዛና ስለረከሰ የሚያባብል ቢሆንም ጅማቱ እየተጠማዘዘ ስለሚያድግ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ለጎጆ ማገር እንጂ ለሰደፍ ብዬ አልመክርም።

እንጨቱ የተገኘበትም መንገድ መታወቅ አለበት። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ተለይተው የተጠበቁ ዛፎች ናቸው፤ የደን ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሎ በ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1065 ወጥቷል። ከወፍ ዋሻ ደን ነው ተብሎ በሌሊት የሚመጣ ግንድ ርካሽ ቢሆንም የሚገዛ አይደለም። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚሻለው ምንጭ አሮጌ የቤት እንጨት ነው። ሲፈርስ የቆየ ቤት በር፣ ወፍራም መቃን፣ የአያት አልጋ እግርና ራስጌ፣ ለዓመታት በጭስና በጥላ የደረቀ ስለሆነ ከእንግዲህ ወዲያ የሚነቃነቅበት ምክንያት ትንሽ ነው። ሚስማር እንዳለበት ማግኔት ማሳለፍ፣ የነቀዝ ቀዳዳ እንዳለበትም በብርሃን መመርመር ነው፤ ትኩስ ዱቄት የሚያፈስ ቀዳዳ ካለ ነቀዙ አሁንም ውስጡ አለ።

ለኋለኛው ሰደፍ የሚበቃው ጥርብ ርዝመቱ ከ40 እስከ 45 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ ከ5 እስከ 6 ተኩል፣ ስፋቱ በመድረሻው በኩል ከ15 ሳንቲሜትር የማያንስ መሆን አለበት። የፊተኛው እጅ መያዣ ከዚያው እንጨት ቢወጣ መልኩ ስለሚስማማ ቁራጩን አብሮ መግዛት ይመረጣል።

አሁን ወደ አንገቱ እንመለስ። የእንጨት ጅማት የምለው ከግንዱ ሥር ወደ ጫፉ የሚሄደውን መስመር ነው። ጥርቡን ከጎኑ ሲያዩት ይህ መስመር በአንገቱ ላይ ከፊት ወደ ኋላ ሳይቋረጥ ማለፍ አለበት፤ ከላይ ሲያዩትም እንዲሁ። መስመሩ አንገቱን በሰያፍ ካቋረጠ እንጨቱ የቱንም ያህል ቢያምር የሚሰነጠቅበት መንገድ ከአሁኑ ተሥሏል ማለት ነው። የአሮጌውን ሰደፍ ቅርጽ ካርቶን ላይ ነድፎ፣ ቆርጦ፣ ወደ ጣውላ ቤት ይዞ መሄድና ካርቶኑን ጥርቡ ላይ እያዞሩ ማየት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ የእኔን ሁለተኛ ሰደፍ ያዳነው ይህ ካርቶን ነው። ሐረጉና ውበቱ፣ ቅርንጫፍ የበቀለበት የተጠማዘዘው ክፍል፣ ወደ መድረሻው ይሁን፤ እዚያ ኃይል ስለማይበዛበት ጉዳት የለውም። ጉጥ ግን አንገቱ አጠገብም ሆነ ብረቱ በሚቀመጥበት ቦታ ጨርሶ አይኑር።

ስለ ድርቀት ነጋዴው የሚለው ሁሉ መረጋገጥ አለበት። ጥላ ሥር በነፋስ የሚደርቅ ጣውላ ለእያንዳንዱ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል የሚለው የቆየ ደንብ ነው፤ በዚህ ስሌት ስድስት ሳንቲሜትር የሚሆነው ጥርብ ከሁለት ዓመት በላይ ይጠይቃል። ከጥርቡ ላይ፣ ከጫፉ ራቅ ብሎ ከመሐሉ የተቆረጠ ስባሪ ወስደው ግራም በሚለይ ሚዛን ይመዝኑ፤ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ መቶ ዲግሪ ገደማ በሚሆን ምድጃ ውስጥ ያድርቁትና እንደገና ይመዝኑት። 100 ግራም የነበረው 90 ከሆነ የጎደለው 10 ግራም ለ90 ተካፍሎ 11 በመቶ እርጥበት ነበረው ማለት ነው። ከ8 እስከ 12 በመቶ ያለው ለሥራ ይበቃል፤ 20 በመቶ የሆነው ገና መቀመጥ አለበት። እርጥብ ጥርብ ርካሽ ሆኖ ካገኙ ሁለቱን ጫፎች በቀለም ወይም በቀለጠ ሰም ይዝጉ፤ እንጨት ውኃውን የሚያወጣው በጫፉ በኩል ፈጥኖ ስለሆነ ያልተዘጋ ጫፍ ይሰነጠቃል። ከዚያ ከወለል ከፍ አድርገው፣ ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ አሳርፈው፣ በየወሩ ይመዝኑት።

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም፤ ለእንጨት ግን ሌላ አገር ነው። ጠመንጃው ቆላ የሚውል ከሆነ ጥርቡን ወደ አናጢ ከመውሰድ በፊት ሁለት ወር ያህል ቆላ ማክረም ከማናቸውም ቬርኒሽ ይበልጣል።

ባለሙያው

ሸዋ ለጠመንጃ እንግዳ አይደለም፤ በ1833 ዓ.ም. የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ካቀረበው ገጸ በረከት ውስጥ ጠመንጃዎች ነበሩበት። ብረቱ ከባሕር ማዶ ቢመጣም የሚሰበረውን እንጨት ማቃናት ያገር ባለ እጅ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ባለ እጅ የሚለውን ቃል ለንቀት ስንጠቀምበት መኖራችን ዛሬ መሮ የሚይዝ ሰው ስንፈልግ ዋጋ እያስከፈለን ነው።

አልጋና በር የሚሠራ አናጢ ቀጥ ያለ መስመር ይለምዳል፤ ሰደፍ ግን ቀጥ ያለ ገጽ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በገናና መሰንቆ የሚጠርብ፣ ወይም እንጨት ፈልፍሎ ቅርጽ የሚያወጣ ሰው ይመረጣል። ሁለተኛውን ሰደፌን የሠሩልኝ ሽማግሌ በገና ጠራቢ ነበሩ፤ ሰደፍ ሠርተው ያውቃሉ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው መልስ ሳይሰጡኝ «ልጄ፣ የምትይዘው ቆላ ነው ደጋ? በየትኛው ዓይንህ ነው የምታነጣጥረው?» አሉኝ። የመጀመሪያው አናጢ የጠየቀኝ ቀለሙን ብቻ ነበር። ባለሙያን ለመመዘን ከሥራው ናሙና ቀጥሎ የሚረዳው ይህ የጥያቄው ዓይነት ነው። የመሮውን ስለትም ማየት ነውር የለበትም፤ በደነዘዘ መሮ የሚሠራ ሰው እንጨቱን ይጨፈልቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። የሚቻል ከሆነ ትንሽ ከፍለውት የብረቱን ሳጥን ጀርባ በተጣለ ጣውላ ላይ ለሙከራ እንዲገጥም ይጠይቁት፤ የአንድ ቀን ደመወዝ አውጥቶ ጥሩ ጥርብን ማዳን ነው።

ውሉ አጭር ቢሆንም በጽሑፍ፣ በሁለት ምስክር ፊት ይሁን። ልኮቹ በሚሊሜትር ይጻፉ፤ ጥርቡ በሥራ ላይ ቢበላሽ ኪሳራው የማን እንደሆነ፣ ቅርጹና ቅባቱ በዋጋው ውስጥ መግባታቸው፣ የማስረከቢያው ቀንም ይገለጽ። ክፍያው በሦስት ቢከፈል ይሻላል፤ ቀብዱ ጥርቡ ታይቶ ሲጸድቅ፣ ሁለተኛው ብረቱ ገጥሞ ቅርጹ ሳይወጣ፣ የቀረው ሲረከቡ። መካከለኛውን ክፍያ ለመክፈል ራስዎ መሄድ ግድ ስለሚሆን ሥራውን በወሳኙ ሰዓት ያዩታል።

በዚያ ሰዓት የሚታየው የብረቱና የእንጨቱ መገናኛ ነው። አናጢው ብረቱን በኩራዝ ጥላሸት ቀብቶ ወደ እንጨቱ ይጫነዋል፤ ጥቁር ያረፈበትን ነጥብ ብቻ በመሮ እየላጨ፣ ደጋግሞ እየቀባ፣ ጥላሸቱ በመላው ገጽ እኩል እስኪያርፍ ድረስ ይቀጥላል። ርግጫውን የሚቀበለው የሳጥኑ ጀርባ በግራና በቀኝ እኩል መንካት አለበት፤ አንዱ ወገን ብቻ ከነካ ኃይሉ ሁሉ በእርሱ ላይ ወርዶ ይሰነጥቀዋል። ከሳጥኑ ወደ ኋላ በአንገቱ ላይ የሚዘረጋው የብረት ምላስ ጫፍ ግን እንጨቱን መንካት የለበትም፤ ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ካልተተወለት በየተኩሱ እንደ ሽብልቅ እየገባ አንገቱን ይፈልጣል። ክፍተት በኮላና በሰጋቱራ ተሞልቶ ካገኙ ሁለተኛውን ክፍያ አይክፈሉ።

ለማጠናቀቂያ የምመርጠው የተልባ ዘይት ነው። ቬርኒሽ ከላይ ተቀምጦ ያበራል፣ ሲጫር ግን ይላጣል፤ ዘይት ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፣ የተጫረውንም በኋላ በጣት መቀባት ይቻላል። ሰደፉ በየብርጭቆ ወረቀት ከለሰለሰ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ታብሶ ይደርቅና የቆመው ጭገር እንደገና ይላጫል። ከዚያ ዘይቱ በስሱ ይቀባል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የተረፈው ይጠረጋል፣ እስኪደርቅ ይቆያል፤ ይህ ስምንት ዐሥር ጊዜ ስለሚደጋገም ሳምንታት ይወስዳል። የተፈላውና ማድረቂያ የተጨመረበት ዘይት ቶሎ ይደርቃል፤ ጥሬው በደጋ ብርድ ለብዙ ቀን ይጣበቃል። ብረቱ የሚቀመጥበት ጉድጓድና የመድረሻው ጫፍም እንዲቀቡ አጥብቀው ይንገሩ፤ እርጥበት የሚገባው ዓይን በማያየው በዚያ በኩል ነው። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያነሣ ስለሚችል ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ ይነከር።

ሰደፉን ከተረከቡ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ተኩሶች ማግስት ጠመንጃውን ባዶ አድርገው አንገቱን በፀሐይ ብርሃን ይመርምሩ፤ ብሎኖቹም እንጨቱ ሲረጋ ስለሚላሉ በልክ ይጥበቁ። የብረት ዘይት እየወረደ አንገቱን እንዳያለሰልሰው ጠመንጃው ቤት ውስጥ ሲቀመጥ አፈሙዙ ወደ ታች፣ ሰደፉ ወደ ላይ ይሁን።